ልጅ ሲናገር ማን ይስማው?
ጥቃት ለደረሰባቸው ህጻናት የሚቆሙ ማእከላት ስለሚያስፈልጋቸው ስልጠናና ድጋፍ

  

የዛሬውን ዝግጅታችንን የምንጀምረው ራሳችንን በማረም ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ስለ ልጆች አስተዳደግ በተነጋገርንበት ፕሮግራም ላይ፣ በልጃችሁ ላይ ጥቃት ደርሶ ይሆናል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ «አስቀምጣችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ፤ ማን፣ የትና ስንት ጊዜ እንደሆነ ሳታወጣጡ አትልቀቁ» ብለን ነበር። ይህን ያልነው በጎ አስበን ነው። በሳምንቱ ግን ጥቃት ከደረሰባቸው ህጻናት ጋር የምትሰራ አንዲት እህት ደወለችልን። ሰላምታዋን ካቀረበች በኋላ «እኛ እናቶችን አታድርጉ እያልን የምንለምናቸውን ነገር እናንተ በሬዲዮ አድርጉ አላችኋቸው» አለችን። አፈርን። ለምን እንዳለች ጠየቅናት፤ ረዘም ላለ ሰአት አስረዳችን። ከዚያም በጉዳዩ ላይ የተጻፉትን እያገላበጥን አነበብን። ዛሬ የምናካፍላችሁ ከእርሷ የሰማነውንና ያነበብነውን ነው። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ሌላ ክፍል ብትልኳቸው መልካም ነው።

የአንዲት ልጅ ቃል ስንት ቤት ይዞራል?

እንበልና አንዲት የሰባት አመት ልጅ አንድ ሰው ያደረገባትን ለእናቷ ነገረች። እናት ደንግጣ ለአያት ትነግራለች። አያት ልጅቱን ጠርተው «እስቲ ለኔ ንገሪኝ» ይላሉ። ማታ አጎት ይመጣል፤ እርሱ የሚጠይቀው በቁጣ ነው። ጎረቤት ይሰማል። ሽማግሌ ይጠራል፤ ልጅቱም በሽማግሌዎች ፊት ቆማ ትናገራለች። ነገሩ ወደ ህግ ከሄደ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሰው በሚገባበትና በሚወጣበት ክፍል ቃሏን ትሰጣለች። ከዚያ ሆስፒታል፤ እዚያም ካርድ ክፍል፣ ነርስ፣ ሐኪም እያለ ይቀጥላል። ከዚያ አቃቤ ህግ። ከወራት በኋላ ደግሞ ፍርድ ቤት፣ ያ ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ። ቁጠሩት እስቲ።

ጠያቂው ሁሉ በራሱ መንገድ ይጠይቃል። ልጅ ደግሞ አንድን ጥያቄ ደጋግመው ሲጠይቁት የሚገባው ነገር እኛ ከምናስበው የተለየ ነው። «የመጀመሪያው መልሴ ትክክል ስላልሆነ ነው እንደገና የጠየቁኝ» ብሎ ያስባል። ትምህርት ቤት እንዲያ ነዋ! መምህሩ ጥያቄውን ከደገመው መልሱ ተሳስቷል ማለት ነው። ስለዚህ ልጅቱ በሶስተኛው ላይ ትንሽ ትለውጣለች፣ በአምስተኛው ላይ ከአጎቷ አፍ የሰማችውን ቃል ትጨምራለች፣ በስምንተኛው ላይ ትታክትና ዝም ትላለች። ከዚያ ምን ይባላል? «ቃሏ አይገጥምም፣ ዋሽታለች» ይባላል። እውነቱን የተናገረችው ልጅ ውሸታም ተብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ አጥፊውም ወደ ሰፈሩ።

እኛም «ሳታወጣጡ አትልቀቁ» ስንል ለዚህ መንገድ አንድ ጠያቂ መጨመራችን ነበር።

ቢሮዎቹ ወደ ልጅቱ ሲመጡ

ይህ በእኛ አገር ብቻ ያለ ችግር አይደለም። በአሜሪካም ልጁ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተት ነበር። በአላባማ ግዛት፣ ሀንትስቪል በምትባለው ከተማ አቃቤ ህግ የነበሩት ሮበርት ክሬመር (ሰው የሚያውቃቸው በድ ክሬመር በሚለው ስም ነው) ይህን ለመለወጥ ተነሱ። እ.ኤ.አ. በ1985 የመጀመሪያው የህጻናት ተሟጋች ማእከል በዚያች ከተማ ተከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልጅቱ ወደ ቢሮዎቹ በመዞር ፋንታ ቢሮዎቹ ወደ ልጅቱ ይምጡ።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ማእከሉ እንደ ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን እንደ ቤት እንዲሆን ተደርጎ ይዘጋጃል። ልጅቱን የሚያነጋግራት አንድ የሰለጠነ ሰው ብቻ ነው። መርማሪ ፖሊሱ፣ አቃቤ ህጉና የህጻናት ደህንነት ሰራተኛው በሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ ይከታተላሉ። የሚጠየቅ የቀረ ነገር ካለ ለአነጋጋሪዋ ያቀብሏታል። ንግግሩ ይቀረጻል። ሐኪምና የስነ ልቦና ባለሙያም ከማእከሉ ጋር ተቀናጅተው ይሰራሉ። እናትም ብቻዋን ኮሪደር ላይ አትቀመጥም፤ የሚያናግራትና ቀጥሎ የሚሆነውን የሚነግራት ሰው ይመደብላታል። በኋላም ሁሉም ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በጉዳዩ ላይ ይመክራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ ምክር ቤት ጥቃት የደረሰባቸውን ህጻናት የሚመለከት ህግ አወጣ። ማእከላትን ለማስፋፋትና ሰራተኞቻቸውን ለማሰልጠን ከመንግስት ግምጃ ቤት ገንዘብ እንዲመደብ መንገድ የከፈተውም ይኸው ህግ ነው። ክሬመርም በኋላ የምክር ቤት አባል ሆነዋል። ዛሬ በዚያ አገር ከ900 በላይ እንዲህ ያሉ ማእከላት አሉ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ በዚያ አገር መምህርና ሐኪም ጥርጣሬውን ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቁ በህግ እንደሚገደዱ ሳይነግሯችሁ አልቀረም። አንዳንዶቹ ይህን «ልጅ የሚነጥቁበት ዘዴ» አድርገው ያወሩታል። ማእከሉ ግን ማሳደጊያ አይደለም። ልጅ የሚሰማበትና የሚታከምበት ቤት ነው።

በ1998 ደግሞ ያን ጊዜ ህዝቧ 300 ሺህ የማይሞላው አይስላንድ በዋና ከተማዋ «የህጻናት ቤት» የሚል ትርጉም ያለው ማእከል ከፈተች። እዚያ ልጁ በማእከሉ የሚሰጠው ቃል በዳኛ ሐላፊነት ስለሚወሰድ፣ ክስ ሲመሰረት እንደገና ችሎት ፊት እንዲቆም አይገደድም። ስዊድን፣ ኖርዌይና ዴንማርክ ይህንኑ ተከትለዋል።

በጎ ልብ ብቻውን ምን አደረሰ?

«ታዲያ ጥሩ ሰዎች ሰብስቦ ቤት መክፈት ነው» የሚል ይኖራል። እኛም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነው። እህታችን ግን «ቤቱ ከመከፈቱ በፊት የሚሰማው ሰው ይሰልጥን» አለችን። አንድ ታሪክም እንድናነብ መከረችን።

በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ማንሃተን ቢች በምትባል ከተማ፣ በአንድ መዋእለ ህጻናት ሰራተኞች ላይ ከባድ ክስ ቀረበ። በመቶ የሚቆጠሩ ህጻናት ተጠየቁ። ጠያቂዎቹ ልጆችን ለመርዳት የተነሱ ነበሩ። ችግሩ አጠያየቃቸው ነው። ሌሎቹ ልጆች እኮ ነግረውናል ይሏቸዋል፤ የሚፈልጉትን መልስ የሰጠውን ያሞግሳሉ፤ ምንም አልተደረገም ያለውን ደግሞ እስኪለውጥ ድረስ ደጋግመው ይጠይቁታል። ልጆቹ በመጨረሻ ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮችን ሁሉ ተናገሩ። ጉዳዩ አመታት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲዘጋ አንድም ሰው ጥፋተኛ አልተባለም። ምንም ያላደረገ ሰው ስሙ ጠፍቶ ቀረ። በትክክል የተጎዳ ልጅ ካለም ቃሉ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ማንም የማያምነው ሆነ። ያልሰለጠነ ጠያቂ በዳይንም ተበዳይንም እኩል ያበላሻል።

ስልጠናው ምን ያስተምራል?

ዋናው ነገር ጥያቄን አለመምራት ነው። «አጎትሽ ነካሽ?» የሚለው ጥያቄ መልሱን በውስጡ ይዟል። «ስለሆነው ነገር ሁሉ ንገሪኝ» የሚለው ግን ምንም አያቀብላትም፤ ቃሉ የእርሷ ይሆናል። ከዚያ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ማለትና መጠበቅ ነው። መጠበቅ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው ይላሉ። ልጅ ዝም ሲል እኛ ትልልቆቹ ዝምታው ስለሚያስጨንቀን መልሱን ራሳችን እናቀብለዋለን።

የሰለጠነ አነጋጋሪ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ አይገባም። መጀመሪያ ስለ አንድ የደስታ ቀን ታስወራታለች። ለምሳሌ ያለፈውን ዒድ ከእንቅልፏ ከተነሳችበት ጊዜ ጀምራ እንድትነግራት ትጠይቃለች። ምን ለበስሽ፣ ከማን ጋር ወደ ሰላት ሄድሽ እያለች ሳትነዘንዛት «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገሪኝ» ትላታለች። ልጅቱ ይህን ስትናገር ሁለት ነገር ይሆናል። ይህች ሴት በእርግጥ እንደምትሰማት ታያለች፤ ታሪክን በራሷ ቃል መዘርዘርንም ትለማመዳለች። «የማላውቀውን አላውቅም ማለት እችላለሁ፤ ትልቅ ሰው ከተሳሳተ ማረም እችላለሁ» የሚለውንም አስቀድማ ትማራለች። በእኛ ባህል ልጅ ትልቅን ማረም እንደ ብልግና ስለሚታይ፣ ይህ ክፍል ለእኛ ልጆች ይበልጥ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የገረመንን እንንገራችሁ። ማይክል ላም የተባሉ የስነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ይህን የአጠያየቅ ስርአት አዘጋጅተው መርማሪዎችን አሰለጠኑ። ሰልጣኞቹ የሰሩትን ቀረጻ እያመጡ ሲገመገሙና ሲመከሩ ጥያቄያቸው ተሻሻለ። ምክሩና ክትትሉ ሲቋረጥ ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ቀድሞ ልማዳቸው መመለስ ጀመሩ። ይህን በ2002 አሳትመውታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰዎቹ የተማሩትን አልረሱም፣ ሰነፎችም አልነበሩም። ክትትል የሌለው ስልጠና እንዲህ በቶሎ ይላላል ማለት ነው። ለሶስት ቀን ሆቴል ውስጥ አሰልጥኖ፣ ሰርተፍኬት ሰጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ መለያየት የለመድነው እኛ ከዚህ ብዙ የምንማረው አለ።

ድጋፍ ሲባል ሌላም ትርጉም አለው። ይህችን ስራ የምትሰራ ሴት በቀን ሶስትና አራት ልጆችን ሰምታ ማታ የራሷን ልጆች ለማስተኛት ወደ ቤቷ ትገባለች። እንቅልፍ ታጣለች፣ ሰውን ሁሉ መጠርጠር ትጀምራለች። የሚያማክራትና የሚያሳርፋት ካልተገኘ ስራውን ትታ ትሄዳለች፤ ያገኘችው ልምድም አብሯት ይሄዳል።

በአገራችን ያለው

ኢትዮጵያ የህጻናት መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላለች። የ1987ቱ ህገ መንግስት በአንቀጽ 36 ህጻናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ የተጠበቁ መሆናቸውን ይደነግጋል። በ1996 የወጣው የወንጀል ህግም ከ13 አመት በታች የሆነን ልጅ የደፈረ ሰው ከ13 እስከ 25 አመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይናገራል። ይህ ወላጅ «ይቅር ብያለሁ» ስላለ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም።

አሰራሩም በከፊል ገብቷል። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልጁ ተከሳሹን ሳያይ በተለየ ክፍል ሆኖ በባለሙያ አማካይነት የሚጠየቅበት፣ ዳኛውም በስክሪን የሚከታተሉበት ለህጻናት ተስማሚ ችሎት አለ። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ህክምናው፣ ፖሊሱ፣ አቃቤ ህጉና የስነ ልቦና ምክሩ በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማእከል ተቋቁሟል። ነገር ግን አገር ሰፊ ነው። ከእንዲህ ያለው ቦታ የሁለት ቀን መንገድ ርቀት ላይ ያለች ልጅ መጀመሪያ የምታገኘው ጎረቤቷን፣ የቁርኣን መምህሯን፣ የእድሩን ዳኛ፣ የሴቶች ጀመዓዋን ነው። ስለዚህ በየአካባቢው ያለ የማህበረሰብ ማእከል፣ በመስጂድ ግቢም ይሁን በወረዳ ቤት፣ ትልቁን ማእከል ባይተካ እንኳ መንገዱን የሚጠርግ በር መሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የምታገለግል በጎ ፈቃደኛ የምትማረው ከመርማሪዋ ያነሰና የተለየ ነው። እርሷ አትመረምርም። ልጁ ከተናገረ ትሰማለች፤ «ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ከሚረዱን ሰዎች ዘንድ አብሬሽ እሄዳለሁ» ትላለች። «ለማንም አልናገርም» ብላ ቃል አትገባም፤ የማትጠብቀው ቃል ነውና። ልጅቱ ያለችውን በራሷ በልጅቱ ቃል፣ ሳታሳምር፣ ቀንና ሰአቱን ጨምራ ትጽፋለች። ወረቀቱ በቁልፍ ይቀመጣል። ስሟ በእድር ስብሰባ፣ በቡና ላይ፣ በዱዓእ ማስደረጊያ ላይም ቢሆን አይነሳም። የተጠረጠረው ሰው ዘንድ ሄዳ «እውነት ነው ወይ?» ብላ አትጠይቅም። ማንን እንደምትደውል፣ ሌሊት ቢሆንስ ወዴት እንደምትሄድ አስቀድማ ታውቃለች።

ሽምግልናና መሸፈን

አሁን ወደሚከብደው እንግባ። በእኛ ቤቶች እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ፈጥኖ የሚመጣው «ይሸፈን» የሚለው ቃል ነው። የሙስሊምን ነውር መሸፈን የተወደደ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ግን የማንን፣ ምኑን? ኢማም አን-ነወዊ የሶሒሕ ሙስሊምን ሐዲሶች ሲያብራሩ፣ መሸፈኑ ሰውን በመጉዳትና በማበላሸት ለማይታወቅ ሰው መሆኑን፣ በጉዳት የሚታወቀውን ግን መሸፈን እንደማይገባና ለሐላፊ አካል ማድረስ እንደሚሻል አስረድተዋል። ልጅን የጎዳ ሰው ሲሸፈን ደግሞ ቀጣዩ ልጅ ይጋለጣል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዳይ ወንድምን መርዳት ማለት ከበደሉ መያዝ መሆኑን አስተምረውናል።

በሱረቱ አት-ተክዊር ከነህይወቷ የተቀበረች ልጅ በቂያማ ቀን በምን ወንጀል እንደተገደለች የምትጠየቅ መሆኗ ተወስቷል። ጥያቄው ለገዳዩ ሳይሆን ለእርሷ መቅረቡን አስተውላችኋል? ዱንያ ላይ ቃሏን የሰማላት አልነበረም።

ሽማግሌዎቻችንን ማሳነስ አይደለም። ስንቱን ትዳርና ስንቱን የደም ጠብ ያበረዱ ናቸው። ግን ሽምግልና በሁለት እኩል ባለጉዳዮች መካከል ነው። የሰባት አመት ልጅና አንድ ጎልማሳ እኩል አይደሉም። ከሳ ተብሎ ለአባት የሚሰጠው በሬ ወይም ብር ልጅቱን አያክማትም። እንዲያውም በሌላ አነጋገር ዋጋዋ ይህ ነው ብሎ እንደ መንገር ነው።

ይሁንና እናቶች ዝም የሚሉት ሁልጊዜ ሐፍረት ይዟቸው አይደለም። ብዙ ጊዜ አጥፊው የቤተሰቡ ቅርብ ሰው ነው፤ አንዳንዴም ቤት ኪራዩን የሚከፍለው፣ እንጀራውን የሚያመጣው እርሱ ነው። እርሱ ከታሰረ ማን ያበላቸዋል? ለዚህ መልስ ያልያዘ ማእከል «ለምን አልከሰስሽም?» የማለት አፍ የለውም። የእድራችን ሳጥን ለሞት ብቻ የሚከፈተው ለምንድን ነው? ደጋፊዋ የታሰረባት ድሃ እናትስ ከዘካ ተቀባዮች የማትቆጠረው በምን ሒሳብ ነው? ዑለማዎቻችሁን ጠይቁ። ለትራንስፖርት፣ ለሁለት ወር አስቤዛ፣ ከዚያ ቤት ወጥታ ለምታርፍበት አንድ ክፍል የሚሆን ገንዘብ ከብዙ ስብከት በላይ አፏን ይከፍታል።

እናትና አባት እስከዚያ ድረስ

ልጃችሁ ከነገራችሁ ረጋ በሉ፤ ስሙ፤ አመኗትም እንደሆነ ንገሯት፤ ዝርዝሩን ለሰለጠነው ሰው ተዉት። በሰዎች ፊት አታስደግሟት። ጥቃቱ በቅርብ የሆነ ከሆነ ሳታጥቧት ውሰዷት፤ የለበሰችውን ልብስ ሳታጥቡ በወረቀት ከረጢት ያዙት፣ በፌስታል አይሁን፣ እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሻል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድሐኒት የሚሰራው በ72 ሰአት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ ስለዚህ «ሽማግሌ እስኪሰበሰብ» ብላችሁ አትቆዩ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሐኪም መርምሮ «በአካሏ ላይ ምልክት የለም» ቢል ልጅቱ ዋሸች ማለት አይደለም። ጥቃት ከደረሰባቸው ህጻናት በአብዛኛዎቹ ላይ ምንም ምልክት አይገኝም። ይህን ባለማወቅ ስንት ልጅ ተገርፋለች። ወንዶች ልጆችም እንደሚጠቁ አትርሱ፤ እነርሱ ደግሞ ይበልጥ ዝም ይላሉ።

ልጆችን ስለ ገላቸው ማስተማር ያሳፍራል የሚሉ አሉ። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኑር ያልደረሱ ልጆች እንኳ በቀን በሶስት ጊዜያት ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ያዛል፤ አስር አመት ሲሞላቸውም መኝታቸው እንዲለይ በሐዲስ ታዟል። ለልጅ «ይህ የገላህ ክፍል ሐያእ ያለው ነው፣ ማንም አይነካውም» ማለት ከዚህ የተለየ ትምህርት አይደለም። በቁርኣን ቤቶቻችንም በር ክፍት ሆኖ ማስቀራት፣ አንድ ልጅ ብቻውን ከአስተማሪ ጋር ዘግቶ እንዳይቀር ማድረግ ለኡስታዞቹም ክብር ጥበቃ ነው። ይህን ደንብ የሚቃወም ኡስታዝ እስካሁን አልገጠመንም።

ያች እህት ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችን። «ስህተቱን ባወጃችሁበት ሰአት እርማቱንም አውጁልኝ፤ ያን ቀን የሰማችሁ እናት ዛሬም ትስማችሁ» አለች። ይኸው በዚያው ሰአት፣ በዚያው ፕሮግራም አርመናል። በመጽሔቱም ላይ እንዲወጣ ያደረግነው ሬዲዮውን ያልሰማ እንዲያነበው ነው።